ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉት ቀናት፦ ከመዲናው ድንኳን እስከ ጣና ዳር



 

በቅርቡ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት መስጂዱ በር ላይ ጠብቆ አስቆመኝ። ሰው እንዳይሰማው ራቅ አድርጎ ወሰደኝና «ኡስታዝ፣ የእህቴን ነገር ልጠይቅህ ነበር» አለኝ። እህቱ ከሐይቁ ማዶ ካለ ገጠር ነው ያገባችው። ምጥ ላይ ሁለት ቀን ቆይታ ልጁ ሞተ፤ ከዚያ በኋላ ሽንቷን መቆጣጠር አቃታት። አሁን ሆስፒታል ገብታ ኦፕራሲዮን ከሆነች አራተኛ ቀኗ ነው፤ የሽንት ቱቦ ገብቶላታል። «ሶላት ካቆመች ቆየች፤ ነጃሳ ነኝ ትላለች። ነርሶቹ ውሃ ጠጪ ይሏታል፤ እሷ ግን ከረጢቱ ሲሞላ ሰው ያየኛል ብላ ውሃውን ትደፋዋለች። ምን ልበላት?» አለኝ።

የሶላቱን ጥያቄ ፊቅህ ይመልሰዋል፤ ከታች እመጣበታለሁ። የውሃው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ይህች ልጅ ቀዶ ሕክምናውን አልፋ ማገገሚያው ላይ ልትወድቅ ነው። በሷ ዕድሜና በናንተ ዕድሜ ያሉ ብዙዎች «ኦፕራሲዮኑ አለቀ» ሲባል ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላቸዋል። ቢላዋው ከተቀመጠ በኋላ ያሉት ቀናት ግን የሕክምናው ሌላኛው ግማሽ ናቸው። ይህ ደግሞ ዛሬ የተገኘ ነገር አይደለም፤ ታሪክም ዲናችንም የሚያውቁት ነው። እስቲ አብረን እንየው።

🔹 መስጂድ ውስጥ የተተከለው ድንኳን

በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ፣ የአውስ ጎሳ መሪ የነበሩት ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) ክንዳቸውን በቀስት ተመቱ። የተቆረጠው ትልቅ የደም ሥር ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከቅርብ ሆነው እንዲጠይቋቸው መስጂዱ ውስጥ ድንኳን አስተከሉላቸው። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ሩፈይዳ የምትባል ከአስለም ጎሳ የሆነች ሴት በመስጂዱ ውስጥ ቁስለኞችን የምታክምበት ድንኳን ነበራት፤ ሰዕድም የተወሰዱት ወደዚያ ነበር። ከቀናት በኋላ ቁስሉ እንደገና ፈነዳ። ቡኻሪ በዘገቡት መሠረት ደማቸው ከድንኳኑ ወጥቶ በአጠገቡ ወደነበሩት የበኒ ጊፋር ሰዎች ድንኳን ፈሰሰ። ሰዕድ በዚያው ቁስል ሸሂድ ሆኑ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። መስጂድ ንጽሕናው የሚጠበቅ ቦታ ነው። ይሁንና ደም የሚፈሰውን ቁስለኛ ከሰው አርቀው፣ ከከተማ ዳር ጎጆ ሠርተው አላስቀመጡትም። ያስቀመጡት ሰው ሁሉ በቀን አምስት ጊዜ በሚሰበሰብበት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው በሚገኙበት ቦታ ነው። በኛ አገር ግን ሽንት የሚያመልጣትን ሴት ከቤት ጀርባ ጎጆ ሠርቶ ብቻዋን ማኖር ለብዙ ዘመን እንደ ልማድ ተቆጥሮ ኖሯል።

🔹 ሙስሊም ሐኪሞች ምን ያውቁ ነበር?

ፊስቱላ የሚባለው ይህ ጉዳት እንዴት እንደሚመጣ በአጭሩ ልንገራችሁ። የሕፃኑ ጭንቅላት በእናቲቱ ዳሌ ማለፍ አቅቶት ለረጅም ሰዓት ሲጫን፣ በፊኛዋና በማሕፀን በር አካባቢ ያለው ሥጋ ደም ይቋረጥበታል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፤ ከቀናት በኋላም ተቀርፎ ቀዳዳ ይተዋል። ሽንት ያለማቋረጥ በዚያ ይፈሳል። አንዳንዴ ሰገራም ይከተላል። እርግማን አይደለም፤ ቡዳም አይደለም፤ የሷም ጥፋት አይደለም። ከ4,000 ዓመት በፊት የኖረች ሄንሄኒት የተባለች የግብፅ ቤተ መንግሥት ሴት አስከሬኗ ሲመረመር ይኸው ጉዳት ተገኝቶባታል። ቤተ መንግሥት የኖረችውን ሴት ያልማረ ጉዳት ነው።

ኢብኑ ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) «አል-ቃኑን ፊ ጢብ» በተባለው መጽሐፋቸው ይህንን ችግር ጠቅሰውታል። በለጋነታቸው የተዳሩ ልጃገረዶች ላይ ፅንሱ ፊኛን ሊቀድ እንደሚችል፣ እንዲህ ያለው የሽንት መፍሰስም እስከ ሞት ድረስ እንደማይድን ጽፈዋል፤ ስለዚህም ሐኪሙ እነዚህን ልጆች ከእርግዝና የሚጠበቁበትን መንገድ እንዲመክራቸው አሳስበዋል። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት! ዛሬ የአገራችን የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (1992 ዓ.ም.) ለጋብቻ 18 ዓመትን ዝቅተኛ ዕድሜ ሲያደርግ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ወንድም ካለ፣ የኢብኑ ሲናን ምክር ያስታውስ።

በዚያው ዘመን በአንዳሉስ የነበሩት አቡልቃሲም አዝ-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» የተባለ 30 ክፍል ያለው መጽሐፍ ጻፉ። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ነው፤ መሣሪያዎቹን ሥለው አሳይተዋል፤ የውስጥ ቁስልን ከእንስሳት አንጀት በተሠራ ክር ስለመስፋትም ጽፈዋል።

ስለ ማገገም ግን ትልቁን ትምህርት የሰጡን ሆስፒታሎቹ፣ ማለትም ቢማሪስታኖቹ ናቸው። የግብፁ ሱልጣን ቀላውን በ1284 እ.ኤ.አ. በካይሮ ያስገነቡት የመንሱሪ ቢማሪስታን በወቅፍ የሚተዳደር ነበር። ወንድና ሴት፣ ደሃና ሀብታም ይታከሙበት ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ድኖ የሚወጣ ሰው ልብስና ገንዘብ ይሰጠው ነበር። ለምን ገንዘብ? ገና ሳያገግም ለዕለት ጉርሱ ብሎ ወደ ከባድ ሥራ እንዳይሮጥ ነው። እነዚያ ሰዎች «ዳነ» እና «አገገመ» የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን ገብቷቸው ነበር።

🔹 ከአላባማ እስከ አዲስ አበባ

ኢብኑ ሲና «አይድንም» ያሉት ቀዳዳ መዘጋት የጀመረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ታሪኩ ግን ሕመም አለበት። ማሪዮን ሲምስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1840ዎቹ በአላባማ በባርነት የተያዙ ጥቁር ሴቶችን ደጋግሞ ቀደደ፤ ማደንዘዣ አልሰጣቸውም። የሦስቱ ስም ተመዝግቧል፦ አናርቻ፣ ቤትሲ፣ ሉሲ። አናርቻ ብቻ 30 ጊዜ ያህል ተቀዳለች። በመጨረሻ በ1849 በብር ክር ሰፍቶ ተሳካለት። ሲምስ የስፌቱ ዕጣ የሚወሰነው በኋላ ባሉት ቀናት መሆኑን ተረድቶ ነበር፤ ፊኛው እንዳይሞላ ሳይወልቅ የሚቆይ የሽንት ቱቦ ሠራ፤ ሴቶቹን ኦፒየም እየሰጠ አልጋ ላይ ያስተኛቸው ነበር። አንዷ ስትተኛ ሌሎቹ ያስታምሟትና በቀዶ ሕክምናውም ይረዱ ነበር። እነዚህ ሴቶች ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ የከፈሉት ዋጋ ዛሬ ለኛ እህቶች ተርፏል፤ ይህንን መርሳት ግፍ ነው።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካይሮ ውስጥ ናጊብ መሕፉዝ (1882–1974) የተባሉ የማሕፀን ሐኪም በዚህ ሕክምና ስመ ጥር ሆኑ። ታዋቂው የግብፅ ደራሲ ናጊብ መሕፉዝ ስሙ የወጣው በኒሁ ባዋለዱት ሐኪም ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ አውስትራሊያዊቷ ዶ/ር ካትሪን ሐምሊንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤታቸው ዶ/ር ሬጂናልድ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል መጡ። ሥራቸው አዋላጆችን ማሠልጠን ነበር። ፊስቱላን ከዚያ በፊት ዓይተውት አያውቁም ነበር፤ ከነመሕፉዝ ሥራ እየተማሩ ጀመሩት። በ1974 የራሱን ሆስፒታል መሠረቱ። ዶ/ር ሬጂናልድ በ1993፣ ዶ/ር ካትሪን በ2020 አለፉ። ሃይማኖታቸው ክርስትና ነው፤ የታከሙት ግን ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ናት። ለሰው ያላመሰገነ አላህን አላመሰገነም የሚለውን ትምህርት የምናውቅ ነንና ልናመሰግናቸው ይገባል።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታሪክ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በልጅነታቸው ተጎድተው መጡ። ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። ካገገሙ በኋላ እዚያው ቀርተው አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ፤ ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል፤ በመጨረሻም ራሳቸው ቀዳጅ ሐኪም ሆነው ከሌላ አገር የመጡ ዶክተሮችን አስተማሩ። በዚያ ሆስፒታል ብዙዎቹ አስታማሚዎች ቀድሞ ታካሚ የነበሩ ሴቶች ናቸው። አዲስ የመጣችው ልጅ «ውሃ ጠጪ» ስትባል የምትሰማው ያንኑ አልጋ ካወቀች ሴት ነው። ድና የምትሄድ ታካሚ ደግሞ አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል። የካይሮው ቢማሪስታን ልብስ ትዝ አላችሁ?

🔹 ወደ ጣና ዳር

ለረጅም ጊዜ ከጎጃምና ከጎንደር ገጠር ያለች ሴት ለመዳን አዲስ አበባ መድረስ ነበረባት። በቃሬዛ፣ በእግር፣ ከአለፋና ከደራ ወይም ከሐይቁ ዳር በታንኳ ተጉዛ ባሕር ዳር ትደርሳለች፤ ከዚያ 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ በአውቶቡስ። በሽታው ከሚያመጣው ሽታ የተነሣ ከአውቶቡስ ያስወረዷት ጊዜ ብዙ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የሐምሊን የመጀመሪያው የክልል ማዕከል ባሕር ዳር ላይ ተከፈተ፤ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ተከተሉ። ዛሬ ይህ ሕክምና እኛው ከተማ ውስጥ አለ። መንገዱ አጥሯል፤ የቀረው አስተሳሰባችን ነው።

🔹 እንግዲህ ምን ይጠበቃል?

ወጣቱ ወንድሜ የጠየቀኝን ከሕክምና ባለሙያዎች ጠይቄ፣ አንብቤም የተረዳሁትን ላስቀምጥ። የሐኪሟ ትእዛዝ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል።

የመጀመሪያው ቀን፦ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣው ከወገብ በታች ስለሆነ እግሯ ለሰዓታት ይደነዝዛል፤ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ይኖራል። ሽንቱ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ደም ሊቀላቅል ይችላል።

ቱቦው እስኪወጣ፦ ቱቦው ፊኛው ባዶ ሆኖ ስፌቱ ያለ ጫና እንዲጠግግ የተደረገ ነው። በፊት 14 ቀን ማቆየት የተለመደ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ላልተወሳሰበ ፊስቱላ ከ7 እስከ 10 ቀን በቂ ነው ብሏል፤ ከበድ ላለው ሐኪሙ ያራዝመዋል። በዚህ ጊዜ ዋናው መድኃኒት ውሃ ነው። ሽንቷ እንደ ውሃ ነጭ እስኪሆን ድረስ ትጠጣ። ውሃ ካልጠጣች ሽንቱ ይወፍራል፤ ቱቦው ይደፈናል፤ ፊኛው ይሞላል፤ የሞላ ፊኛ ስፌቱን ይበጥሰዋል። ለዓመታት እንዳይፈሳት ብላ ከውሃ የሸሸች ሴት በድንገት ብዙ ጠጪ ስትባል መፍራቷ የሚገባ ነው፤ ስለዚህ ምክንያቱን አስረዷት። ቱቦው እንዳይታጠፍ፣ ከረጢቱም ከሰውነቷ ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ተከታተሉ። መንጠባጠቡን ካቆመ ወይም አልጋው ከራሰ ሳትዘገዩ ነርስ ጥሩ። ዱሮ ታማሚ ከአልጋ አይንቀሳቀስም ነበር፤ ዛሬ ደም በእግር ሥር እንዳይረጋ ሐኪሙ ሲፈቅድ ቶሎ ተነሥታ እንድትራመድ ይደረጋል። ድርቀት እንዳይዛትና እንዳታምጥ አትክልትና ፍራፍሬ ይጠቅማታል።

ቱቦው ሲወጣ፦ ፊኛው ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈትቶ ስለቆየ ይጠባል። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ መሽናት አለባት። አንዳንዶች ቀዳዳው ተዘግቶም ሲያስሉ ወይም ሲነሡ ጥቂት ያመልጣቸዋል። ይህ «ኦፕራሲዮኑ ከሸፈ» ማለት አይደለም፤ የጡንቻ ልምምድ አለ፤ ብዙዎች በጊዜ ይሻላቸዋል። በረጅም ምጥ የእግር ነርቭ ተጎድቶ የምታነክስ ካለች ፊዚዮቴራፒ ያስፈልጋታል።

ቤት ከገባች በኋላ፦ ቢያንስ ለ3 ወር ግንኙነት የለም። የውሃ እንስራና ጀሪካን፣ የማገዶ ሸክም፣ የወፍጮ ቤት ጆንያ የለም። ባሎች ሆይ፣ ይህ የእናንተ ሶብር የሚፈተንበት ነው፤ እሷ በምጥ የታገሠችውን አስቡ። ቀጣዩ እርግዝና ከመጀመሪያው ጀምሮ በሐኪም ክትትል ይሁን፤ ወሊዱም ሆስፒታል ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜም በኦፕራሲዮን ነው። ትኩሳት፣ ብዙ ደም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የአንድ እግር ማበጥ ወይም እንደገና ያለማቋረጥ መፍሰስ ከታየ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል።

ልቧንም አትርሱ። ልጇን ያጣች፣ ምናልባትም ባሏ የፈታት ናት። ሰውነቷ እየዳነ ማልቀሷ የሚገርም አይደለም። አጠገቧ ተቀመጡ።

🔹 ሶላቷስ?

አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ.) የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። በጉዞ ላይ አንድ ሰው ድንጋይ ራሱን ፈነከተው። ሌሊት ጀናባ ሆነና «ተየሙም ይፈቀድልኛል?» ብሎ ጓደኞቹን ጠየቀ። «ውሃ እያለ አይፈቀድልህም» አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ፤ እንደገደሉት ተናገሩ፤ ካላወቁ ለምን እንዳልጠየቁ፣ ያለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑን አስገነዘቡ። በዘገባው የመጨረሻ ክፍል ሰነድ ላይ ዑለሞች ተነጋግረዋል፤ መልእክቱ ግን ግልጽ ነው። እነዚያ ሰዎች ክፋት አልነበራቸውም፤ ለዲን የቆሙ መስሏቸው ነበር። በማገገም ላይ ያለን ሰው ያለ ዕውቀት በሚሰጥ ፈትዋ መግደል ይቻላል ማለት ነው።

ስለዚህ፦

▪️ የሽንት መፍሰስ ሐይድም ኒፋስም አይደለም፤ ሶላትን አያነሣም። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ.) ደሟ አልቆም ሲላት እንድትሰግድ፣ ለየሶላቱም ውዱእ እንድታደርግ ታዘዘች። ዑለሞች ሽንቱ የማይቆምለትን ሰው በዚሁ መዝነውታል። የሶላት ወቅት ሲገባ የቻለችውን ታጸዳለች፣ ውዱእ ታደርጋለች፣ ትሰግዳለች። ከዚያ በኋላ የሚፈሰው አይጎዳትም። ቱቦና ከረጢት ያላት ሴትም እንዲሁ ናት።

▪️ መቆም ካልቻለች ተቀምጣ፣ መቀመጥ ካልቻለች በጎኗ ተኝታ። ይህንን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን የነገሩት እሱ ራሱ ኪንታሮት ታሞ በጠየቀ ጊዜ ነው። ለስግደት መጎንበስ ስፌቱን ከጎዳ በምልክት ይበቃል።

▪️ ውሃ ቁስሉን ከጎዳ ጤነኛው ይታጠባል፤ በፋሻው ላይ ይታበሳል ወይም ተየሙም ይደረጋል። ዝርዝሩ በመዝሀቦች ስለሚለያይ ያለችበትን ሁኔታ ገልጻችሁ ጠይቁ።

▪️ ረመዷን ከሆነ ቱቦው ባለበት ጊዜ አትጾምም። ውሃ መጠጣቷ መታከም ነው፤ ኋላ ቀዷ ታወጣለች። የታመነ ሐኪም ቃል በዚህ ላይ ይሰማል፤ ሙስሊም ይሁንም አይሁንም ብዙ ዑለሞች ተቀብለውታል።

ለዚያ ወጣት ይህንኑ ነገርኩት። «ሂድና በመጀመሪያ አንተ ራስህ ውሃ ቀድተህ አጠጣት፤ ከረጢቱ ሲሞላ የምታፍርበት ሳይሆን አልሐምዱሊላህ የምትልበት እንደሆነ ንገራት፤ ቱቦው እየሠራ ነው ማለት ነው» አልኩት። ከሦስት ቀን በኋላ ደውሎ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ዙህርን እንደሰገደች ነገረኝ። ውሃውንስ? «አሁን እኔ ነኝ ቀጂው» አለኝ።

ወንድሞቼ፣ በየሰፈራችን ተደብቃ ያለች እህት ትኖር ይሆናል። ሸፋዋ ከአላህ ነው፤ ሰበቡ ግን ቅርባችን አለ። ካወቃችኋት ምሥጢሯን ጠብቃችሁ ለቤተሰቧ ንገሩ፤ ወደ ሆስፒታል አድርሷት፤ ስትመለስም ብቻዋን አትተዉአት። የመዲናው ድንኳን መስጂዱ መሃል ነበር የተተከለው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሸፋውን ይስጥልን፤ ለአስታማሚዎቻቸው ሶብርና አጅር ይወፍቃቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።